ሐይቅ ዳር ያለ፣ ኪስ የማይጎዳ፣ ዘና ያለ ስኪ፦ አልፕስን የምታውቁ እስቲ ምከሩን

የጉዱማሌ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። እህቴ ሙኒክ ትኖራለች። ለዓመታት "ኑ እንጂ" ስትለን ቆይታ ዘንድሮ እሺ ብለናል። እኔ፣ ባለቤቴና የ9 ዓመት ልጃችን ነን። ልጁ ስኪ በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። አባቱ ግን ስሙ ሲነሳ ገና ጉልበቱን ማሻሸት ይጀምራል። እኔ መሀል ላይ ነኝ። መሞከሩን እፈልጋለሁ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ተራራ ላይ ስወድቅ ስነሳ መዋል ለእኔ ዕረፍት አይደለም። ጠዋት ትንሽ ሞክሬ፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር ዞር ዞር ብዬ፣ ትኩስ ነገር ይዤ ቁጭ ማለት ነው ያማረኝ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ውሃ የሌለበት ዕረፍት አይዋጥለትም መቼስ።

እና አልፕስ ውስጥ ሐይቅ ያለው፣ ለጀማሪ የሚሆን ስኪ ያለው፣ ዋጋውም የማያስለቅስ ቦታ የቱ ነው? በፈለግኩ ቁጥር ሴንት ሞሪትዝ ነው የሚመጣልኝ። እሱ የሀብታም ነው፣ ይለፈን። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ ዩሮውን በብር ማባዛት ስጀምር ስልኬን መዝጋት ነው የሚያሰኘኝ። አምስት ሌሊት ገደማ ሐይቁ ጋ፣ ቀሪውን እህቴ ቤት ነው ያሰብነው። ወሩንም ምረጡልን። ባለቤቴ ጾም የማያልፈው ሰው ነው፣ እሱንም አስቡበት።

አሳ ለብለብ

ላንጋኖ ምን አደረገሽ እህቴ? ሻሸመኔን አልፈሽ ትንሽ ብትነጂ ሐይቅ፣ አሸዋ፣ ፀሐይ፣ ቪዛ የለ፣ ምን የለ። ስቀልድ ነው አትቆጪኝ።

"ስኪና ሐበሻ ምን አገናኛቸው" የሚል ካጋጠመሽ ግን ሮቤል ተክለማርያምን ጥሪበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር፣ ሁለት የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደረ ነው። የመጀመሪያችንም እሱ ነው። የተወዳደረው ደግሞ ከተራራ ቁልቁል በሚወረድበት ሳይሆን በአገር አቋራጩ ስኪ ነው። ይህን የማነሳው ለወሬ አይደለም፣ ለባልሽ ነው። አገር አቋራጭ ማለት ሜዳ ለሜዳ፣ በተዘጋጀ ሁለት መስመር ላይ እየገፉ መሄድ ነው። ፍጥነት የለውም፣ ጉልበት ላይም እንደቁልቁለቱ አይከብድም። ከሁሉም በላይ ሊፍት፣ ማለትም ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣው ማሽን፣ ስለማያስፈልገው በስኪ ጉዞ ላይ ውዱ ነገር፣ የሊፍት ፓሱ (ትኬቱ)፣ ከሒሳብ ይወጣል። ለዕቃው ኪራይ፣ አንዳንድ ቦታ ለመንገዱ ትንሽ ክፍያ፣ አለቀ። ኦስትሪያና ጀርመን ውስጥ ላንግላውፍ ነው የሚሉት። ብዙ ጊዜም መንገዱ ሐይቅ ዳር ዳር ይሄዳል።

ሶሊ ሙኒክ

እኔም ሙኒክ ነኝ፣ የፒያሳ ሐዋሳ ልጅ። መልሴ ሊረዝም ነው፣ ቡና አፍይና አንብቢው።

ጼል አም ዜ ሂዱ። ኦስትሪያ፣ ሳልዝቡርግ ክልል ውስጥ ነው። ከሙኒክ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ መሀል ላይ ትቀይራላችሁ። ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ቃል በቃል ሐይቁ ዳር ነው፣ ከጣቢያው ወጥተሽ ሻንጣሽን እየጎተትሽ ውሃውን ታይዋለሽ። መኪና አያስፈልግም፣ እዚህ ላይ ብቻ ስንት ገንዘብ እንደሚተርፍ አስቢው፣ የክረምት ጎማ፣ ፓርኪንግ፣ የኦስትሪያ የፈጣን መንገድ ክፍያ፣ ሁሉም ቀረ ማለት ነው። የባቡር ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ከገዛችሁት ይረክሳል፣ በጉዞው ቀን ስትገዢው ነው የሚጎዳው።

ከፍታው እንዳያሳስባችሁ። ከተማው 757 ሜትር ላይ ነው፣ ሐዋሳ እኮ 1,700 አካባቢ ነው። ከላዩ ያለው ሽሚተንሄሄ የሚባለው ተራራ ራሱ ጫፉ 2,000 አይሞላም፣ አዲስ አበባ ይበልጠዋል። እኛ ሐበሾች እዚያ ትንፋሽ የሚያጥረን በዋጋው ነው። ሐይቁም ትንሽ ነው፣ ከ5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያንሳል፣ የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ነው። ጥልቀቱ ግን የእኛን ሦስት እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋናው የሊፍት ፓስ በደራው ሰሞን ለአንድ አዋቂ በቀን ከ70 ዩሮ በላይ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ሦስታችሁም ጀማሪ ሆናችሁ ለአምስት ቀን ሙሉ ፓስ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፣ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትውሉት ታች ለጥ ባለው መለማመጃ ላይ ነው፣ የተራራውን ጫፍ አታዩትም። የመለማመጃ ሊፍቶች ለብቻቸው በሰዓት ወይም በነጥብ ካርድ ይሸጣሉ። አጠገቡ ያለው ካፕሩን ውስጥ ሌሽነርበርግ የሚባል የጀማሪ ቦታ አለ፣ ለልጅሽ እሱ ይበቃዋል። ልጁን ለሦስት ቀን የቡድን ትምህርት አስገቢው። እናንተ አንድ ቀን ሞክሩና ከወደዳችሁት ቀጥሉ። የቡድን ትምህርት ለሦስታችሁም ከጅምሩ አትክፈሉ፣ በተለይ አባትየው በሁለተኛው ሰዓት ላይ ጫማውን ፈትቶ ሊሄድ ይችላል።

ማደሪያ ሐይቁ ፊት ለፊት አትያዙ። ሹትዶርፍ የሚባል ሰፈር አለ፣ ሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ። በእግር ወደ ውሃው ይደረሳል፣ የራሱ ኬብል ካርም አለው፣ ዋጋው ግን ከመሀል ከተማው ይሻላል። ሆቴል ሳይሆን ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ፈልጉ። አንድ የምታስታውሺው ነገር፣ እሁድ ሱፐርማርኬት ዝግ ነው። ቅዳሜም በጊዜ ይዘጋል። ቅዳሜ ማታ ደርሶ እንቁላልና ዳቦ ፍለጋ የሚንከራተት እንግዳ በየሳምንቱ አለ። ውሃ ደግሞ አትግዙ፣ የቧንቧው ከተራራ የሚወርድ ነው፣ ከታሸገው ይጣፍጣል።

ሌላው አማራጭ ምንም ሆቴል አለመያዝ ነው። ከእህትሽ ቤት ሽሊርዜ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሐይቁ መንደሩ ውስጥ ነው፣ በአውቶቡስ ከፍ ስትሉ ሽፒትሲንግዜ የሚባል ሌላ ትንሽ ሐይቅና የስኪ ቦታ አለ። ጠዋት ሄዳችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። ርካሹ ይሄ ነው። ግን ሐይቅ ዳር ማደር ነው ያማረሽ፣ ስለዚህ አልገፋፋሽም።

ቀዝቃዛ አየር

ከሶሊ ጋር አልስማማም። ጼል ቆንጆ ነው፣ ግን "ዘና ያለ" ለሚል ሰው ግርግር ይበዛበታል። ተራራ የሚወጣ፣ ከተራራ የሚወርድ፣ ማታ መጠጥ ቤቱ ሁሉ ሙሉ።

እኔ ክላገንፉርት ነው ያለሁት፣ በካሪንቲያ ክልል። ቫይሰንዜ ሂጂ ነው የምልሽ። 930 ሜትር ላይ ያለ ቀጭን ረጅም ሐይቅ ነው፣ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በጥር ወር በረዶ ይሆንና ሰው ላዩ ላይ በሸርተቴ ጫማ ይንሸራተታል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ሆላንዶች አገራቸው ቦዩ እንደድሮው መብረዱን ስለተወ፣ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ የ200 ኪሎ ሜትር የሸርተቴ ውድድራቸውን እዚህ ያካሂዳሉ። በዚያ ሰሞን ከሄድሽ መንደሩ ሁሉ ደች ይናገራል፣ ማደሪያም አይገኝም፣ ስለዚህ ቀኑን አይተሽ ሽሺው።

የስኪው ቦታ ትንሽ ነው። ጎበዝ የሆነ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ይሄ ግን ለእናንተ ጥቅም ነው፣ ፓሱ ይረክሳል፣ ልጅሽንም ሐይቁ ዳር ሆነሽ በዓይንሽ ልትከታተይው ትችያለሽ። የማይንሸራተት ሰው የሚያደርገው ነገር እዚህ አያጣም፣ የእግር መንገዱ ይጠረጋል፣ ፈረስ ጋሪ አለ፣ ለባለቤትሽም አሳ ለብለብ ያለው ላንግላውፍ አለ። መድረሻው ግን ትንሽ ይፈትናል። ባቡር እስከ ግራይፈንቡርግ፣ ከዚያ አውቶቡስ ወይም ታክሲ። ማደሪያውን ስትይዙ ከጣቢያ ይቀበሉን እንደሆነ ጠይቁ።

በነገራችን ላይ ሐይቁ በረደ ተብሎ አይረገጥም። ውፍረቱን እየለካ የሚከፍትና የሚዘጋ ኃላፊ አለ። ሰንደቁን ወይም ማስታወቂያውን ሳታዩ አትግቡ። ጼልም ሆነ ሌላ ቦታ ያው ነው። ልጁን ከወዲሁ ንገሪው፣ የኛ ልጆች ውሃ ሲያዩ አያስችላቸውም።

ከዚህም የረከሰ ካልሽ ስሎቬኒያ፣ ቦሂን ሐይቅ። ቮገል የሚባለው የስኪ ቦታ ከሐይቁ በላይ ነው፣ በኬብል ካር ወደ 1,500 ሜትር ይወጣል፣ እይታው ጉድ ነው። ዋጋው ከኦስትሪያ ትልልቆቹ በደንብ ያንሳል። ነገር ግን የሚተማመነው ከሰማይ በሚወርደው በረዶ ላይ ነው፣ በማሽን አይሠሩም። ክረምቱ ከደረቀ ተራራውን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ከሐዋሳ ድረስ መጥቶ ይሄን ዕጣ መጣል አይመከርም።

ጋሽ ታቦር

ልጄ፣ እነዚህ ልጆች ስለ ሐይቁ በደንብ ነገሩሽ። እኔ ደግሞ ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ፣ እሱ ካልተሳካ ሐይቁ የለም።

አንደኛ፣ ሸንገን ቪዛ፣ ማለትም የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ የሚጠየቀው ብዙ ሌሊት ከሚታደርበት አገር ነው። ኦስትሪያ አምስት ሌሊት፣ ሙኒክ ከዚያ በላይ ከሆነ ማመልከቻሽ ለጀርመን ነው። የኦስትሪያ ሆቴል ስለያዛችሁ ለኦስትሪያ አታስገቢ። ሁለቱም በሸንገን ውስጥ ስለሆኑ በአንድ መግቢያ ቪዛ ከሙኒክ ጼል ደርሶ መመለስ ችግር የለውም። ስሎቬኒያም ያው ነው። ግን መሀል ላይ ለንደን ዘመድ ልጠይቅ ብለሽ ከወጣሽ መመለሻ የለሽም። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ቪዛ አቁሟል፣ መልስ የሚሰጥበትንም ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ለጥር ጉዞ በመስከረም፣ ቢዘገይ በጥቅምት መግባት አለበት። ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ነው። ለሦስታችሁ 225 ዩሮ ማለት ነው፣ የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር። ቢከለከሉም አይመለስም። ከሐዋሳ አዲስ አበባ መመላለሱን፣ ማደሪያውን፣ አሻራውን ጨምሪበት። ሰው የስኪ ዋጋ ሲያሰላ ይሄን ይረሳል።

እህትሽ ጀርመን ነዋሪ ከሆነች ወጪያችሁን እሸፍናለሁ የሚለውን የዋስትና ሰነድ እዚያው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዳ ትፈርምላችሁ። ስሙ እንኳን ቪዛ ያስከለክላል፣ ፈርፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ። ቀጠሮው ስለሚቆይ ዛሬ ደውይላት። ከእናንተ በኩል ደግሞ የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ የቤት ወይም የንግድ ወረቀት፣ የልጁ ትምህርት ቤት ደብዳቤ። እንደምትመለሱ የሚያሳይ ሁሉ።

የጉዱማሌ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ በተለይ ለእርስዎ፣ ለየትኛው አገር እንደምናስገባ ስንከራከር ነበር የሰነበትነው፣ ገላገሉን። ለእህቴም ደወልኩላት፣ ያንን ቃል ከአንዴም ሁለቴ እንድትደግምልኝ አስደረግኳት፣ አሁንም አልያዝኩትም።

ባለቤቴ ላንግላውፍ የሚለውን ሲሰማ ጉልበቱን ማሻሸት ትቷል።

የቀረኝ ወሩ ነው። የልጁ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ጥር መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ያኔ ብንሄድ ከትምህርቱ አይቀርም። ጥሩ ነው? ደግሞ ስለ ምግቡና ስለ ልብሱ አልነገራችሁኝም። ሐዋሳ ውስጥ ከሹራብ ያለፈ ምን አለን?

ሶሊ ሙኒክ

ጥር መጨረሻ ድንበር ላይ ነው። እነሱ ጋ የሚወደደው ከፈረንጅ ገና እስከ ጃንዋሪ 6፣ ከዚያ ደግሞ ፌብሩዋሪ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ክልል በክልል እየተፈራረቀ ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ አንስቶ ወደ ሦስት ሳምንት ይይዛል፣ በዚያ ላይ ጀርመኖቹና ሆላንዶቹ ይጨመራሉ። አፓርታማው ዋጋው ይዘላል፣ በሳምንት እንጂ በአምስት ሌሊት አንሰጥም የሚሉም ይበዛሉ። መሀሉ፣ ማለትም ከእኛ ገና ማግስት እስከ ጥር 20 ድረስ፣ ባዶ ነው። ቦታ አለ፣ ሰልፍ የለም፣ ለጀማሪ ደግሞ ሰልፍ ከሌለና ከኋላ እየመጣ የሚያስደነግጥ ሰው ካነሰ ግማሹ ፍርሃት ይቀራል። ጥምቀትን ሐዋሳ አክብራችሁ በማግስቱ ብትነሱ እንኳን ትደርሱበታላችሁ። ልጁ ጥቂት ቀን ከትምህርት ቢቀር አስተማሪውን አስፈቅጂ። እኔ ብሆን አስቀረዋለሁ።

ለባለቤትሽም ያ ሰሞን ነው የሚመቸው። የገና ጾም ተፈትቷል፣ ዐቢይ ጾም ገና ነው፣ ረቡዕና አርብ ብቻ ነው የሚቀረው። ጾመ ነነዌ የት እንደሚውል ግን ካላንደር እዩ፣ አንዳንድ ዓመት እዚያው አካባቢ ትገባለች። በፍስኩም ቢሆን ይጠንቀቅ፣ ተራራ ላይ ያለው ምግብ ሁሉ የአሳማ ነገር አያጣውም። ሾርባ ውስጥ፣ ድንች ላይ፣ ድቡልቡል በሆነው የዳቦ ኳስ ውስጥ ሳይቀር ሽፔክ የሚባለውን የአሳማ ሥጋ ይከቱበታል። "ኦነ ሽቫይን" ብላችሁ እዘዙ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። ጼል ላይ በእነሱ በጋ የባሕረ ሰላጤ አረቦች ስለሚጎርፉ ሐላል ምግብ ቤት ይገኛል፣ ይሄም ለጼል አንድ ነጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር ሰምተሃል? ለጾም ቀን ግን ሽሮ ይዛችሁ ኑ። አፓርታማ ያዙ ያልኩት ለዚሁ ነው።

አሳ ለብለብ

ለልብሱ ሳልቫጅ ተራ ሂጂ። አልቀለድኩም። እዚያ የተጣለ የስኪ ሱሪና ጃኬት በቦንዳ መጥቶ እኛ ጋ ማን እንደሚገዛው ሳያውቅ ተሰቅሎ ይኖራል። ሻጩ "የሞተር ሳይክል ነው" ይልሻል፣ ዝም ብለሽ ተከራከሪና ግዢ። ያላገኘሽውን እህትሽ ከጓደኞቿ ትዋስላችሁ። ጫማ፣ ስኪና ሄልሜት ግን እዚያው በኪራይ ነው። ሄልሜት ለልጁ የግድ ነው፣ በአብዛኛው የኦስትሪያ ክልል ከ15 ዓመት በታች ላለ በሕግ ነው።

ቀዝቃዛ አየር

ሐላሉን አልክድም ሶሊ፣ ቫይሰንዜ ላይ የለም። ሆላንዳዊ ብቻ ነው ያለው።

ልብሱ ላይ ሦስት ነገር ልጨምር። ካልሲ አትደራርቡ፣ አንድ ረጅም ካልሲ ብቻ። ሁለት ያደረገ ሰው እግሩ ይታሻል፣ ደሙ ይታፈንና ይባስ ይበርደዋል። የስኪ ቡት መጀመሪያ ስታደርጉት ያስጨንቃል፣ ቆማችሁ ጣታችሁ ጫፉን ነክቶ፣ ጉልበታችሁን ወደፊት ስታጥፉ ትንሽ ከሸሸ ልክ ነው። የሚያም ከሆነ ግን ሳታፍሩ መልሳችሁ አስቀይሩ፣ በኪራዩ ውስጥ ያለ ነው።

የፀሐይ ክሬምና መነጽር ደግሞ ያዙ። በረዶው ብርሃኑን መልሶ ፊት ላይ ነው የሚተፋው፣ ከአገጭ ስር ሳይቀር ያቃጥላል። "እኛ ጥቁር ነን፣ ምን ይለናል" ሲል የነበረ ሰው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ አይቻለሁ። ዓይንም ይታመማል።

ጠዋት ሂዱ። ታች ያለው መለማመጃ ጠዋት ነው ጥሩ የሚሆነው፣ ከሰዓት በኋላ ወይ ይላላል ወይ ይቦረቦራል። ሰውም የሚሰበረው ደክሞት "አንዴ ብቻ ልድገም" ሲል ነው። አንቺ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ነው የፈለግሽው፣ ተመቸሽ።

የጉዱማሌ ልጅ

ተማከርን። ጼል፣ ሹትዶርፍ፣ ከጥምቀት ማግስት። ቫይሰንዜን በጣም ነበር የወደድኩት፣ ግን ልጅና ሻንጣ ይዞ ባቡር፣ አውቶቡስ፣ ታክሲ እያሉ መቀያየር ለመጀመሪያ ጊዜ አስፈራኝ። ልጁ ብቻ ሦስት ቀን ይማራል፣ አባትየው ላንግላውፍ፣ እኔ አንድ ቀን እሞክራለሁ። ሙሉ ፓስ አንገዛም። ሳልቫጅ ተራ ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ለቪዛው የሚገዛው ኢንሹራንስ እዚያ ብንወድቅ ይሸፍናል?

ጋሽ ታቦር

ለቪዛው የሚፈለገው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ ነው። ርካሹን ገዝተሽ ወረቀቱን ብታስገቢ ቆንስላው ይቀበልሻል። ነገር ግን ብዙዎቹ ውስጣቸው "የክረምት ስፖርት አይመለከተንም" የሚል መስመር አላቸው። ከተራራ በሄሊኮፕተር መውረድ ደግሞ ሂሳቡ በሺዎች ዩሮ ነው። ስትገዢ ስኪ ይሸፍናል ወይ፣ ከተራራ ማውረድስ ብለሽ ጠይቂና በጽሑፍ ያሳዩሽ። "አዎ አዎ" የሚለውን የቢሮውን ልጅ አትመኚ። ትንሽ ቢወደድም እሱን ግዢ፣ ከሌላው ቀንሺ።